ጨው አቁሜም ግፊቴ ለምን አልወረደም?

ጤና ይስጥልኝ፣

ዕድሜዬ 54 ነው። ትዳርና ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለፈው ዓመት በሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነርሷ ግፊቴን ለካች። ፊቷ ቅር አለው። ደግማ ለካች። 162 በ98። እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም ነበር! ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። በሌላ ቀን ተመልሼ ስለካም ያው ሆነ። ሐኪሙ ኢናላፕሪል የሚባል ክኒን ጻፈልኝና «ጨው ይቀንሱ» ብሎ ሸኘኝ። በዚህች አንድ ቃል ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ጨው የሚባል ነገር ከገበታዬ አስነሳሁ። ባለቤቴ ለእኔ ብቻ ሌላ ድስት ትጥዳለች። እውነቱን ለመናገር ምግቡ አፍ ላይ አይቀመጥም። እንዳዘነችልኝ ታስታውቃለች። ጣዕም እንዲኖረው ብላ የሾርባ ኩብ ጣል ታደርግበታለች፣ አንዳንዴም ሶያ ሶስ ጠብ ታደርጋለች። ቁርሴ ዳቦ በአይብ ነው። ምሳዬን ሥራ ቦታ ስለምበላ ብዙ ጊዜ ቋሊማ ያለበት ሳንድዊች ነው የምይዘው። ግን ጨው አልነሰንስበትም።

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኖብኛል። አንዱ ሎሚ በሙቅ ውሃ ይለኛል። ሌላው ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ይላል። «ሮዝ ጨው ብላ፣ እሱ ምንም አያደርግም» ያለኝም አለ። ልጄ ደግሞ ሰሞኑን ለግፊት የሚሆን ጨው ነው ብላ አንድ ዕቃ ገዝታልኛለች። ገና አልከፈትኩትም። ሳልረሳው፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ አይቡፕሮፌን እየገዛሁ እውጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ በየቀኑ።

ይኸው አሁንም ግፊቴ 148 በ92 አካባቢ ነው። ጨው እንዲህ ርቄው ለምን አልወረደልኝም? ምግቤን በደንብ ባስተካክል ክኒኑን መተው እችላለሁ? ባለቤቴስ እስከ መቼ ሁለት ድስት ትጣድ?

ጨው የናፈቀኝ

*

ጤና ይስጥልኝ፣

እርስዎ ከጠየቁት በፊት ሳይጠይቁኝ ያለፏቸውን ሁለት ነገሮች ላንሳ። እነሱ ይብሳሉና።

መጀመሪያ ልጅዎ የገዛችልዎት ዕቃ። ለጊዜው አይክፈቱት። «ለግፊት የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠው ጨው ብዙ ጊዜ ከሶዲየሙ (ግፊት ከሚጨምረው የጨው ክፍል) የተወሰነው ወጥቶ በምትኩ ፖታሲየም የሚባል ሌላ ማዕድን የገባበት ነው። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡት፤ «ፖታሲየም ክሎራይድ» የሚል ካገኙ እሱ ነው። ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ግሩም ነው። በቻይና ገጠር 21,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2021 ወጥቶ ነበር። ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነውን ጨው በተጠቀሙት ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እርስዎ ግን ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ይህ መድኃኒት ኩላሊት ፖታሲየምን እንደ ልብ እንዳያስወጣ ይይዛል። በላዩ ላይ ፖታሲየም ያለበት ጨው በየቀኑ ቢጨመር በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። ሲበዛ ደግሞ የልብን ምት ያዛባል፤ አስቀድሞ ምልክት ላያሳይም ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ኩላሊትዎና የፖታሲየም መጠንዎ በደም ምርመራ ይታይ። ሐኪምዎ «ይቻላል» ካሉ ያኔ ይከፍቱታል። ልጅዎን ግን አይቆጧት፤ ያሰበችው መልካም ነው።

ሁለተኛው የጉልበትዎ ክኒን ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ግፊት ይጨምራሉ። የኢናላፕሪልን ጉልበትም ይቀንሱታል። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊት ላይ ጫና አለ። በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ግፊትዎ አልወርድ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒት ሲሆን ሰው ለሐኪም መናገሩን ይዘነጋዋል፤ እርስዎም «ሳልረሳው» ብለው ነው የጻፉልኝ። ለሐኪምዎ ይንገሩና ለጉልበትዎ ሌላ ነገር ይፈለግ፤ የሚቀባ መድኃኒትም አለ፣ የጉልበት እንቅስቃሴም አለ። ውሃ ውስጥ ሲጣሉ የሚፈሉ ክኒኖችንም ይጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ብዙ ሶዲየም አላቸው።

አሁን ወደ ጨው። እርስዎ ጨው አላቆሙም። ያቆሙት መነስነሱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ጢም ብሎ አይሞላም። በሶዲየም ሲቆጠር 2 ግራም ነው። እስቲ በዚህ ልክ ቀንዎን እንየው። የሾርባ ኩብ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው የሆነ ሞልቷል። ባለቤትዎ ጨውን በበር አስወጥታ በመስኮት እያስገባችው ነው፤ ያውም ለእርስዎ አዝና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ከ2 ግራም በላይ ጨው ሊኖረው ይችላል። ቋሊማና አይብ ሲሠሩም ጨው የግድ ይገባባቸዋል፤ ከመበላሸት የሚጠብቃቸው አንዱ እሱ ነው። ዳቦ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሲበሉት ጨው ጨው አይልም። ግን በቁርስም በምሳም ስለሚበላ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል። እንግዲህ ገና ከእራት በፊት የቀኑን ድርሻዎን ጨርሰው ሊሆን ይችላል።

የታሸገ ነገር ሲገዙ ጀርባውን ማንበብ ይልመዱ። «ሶዲየም» ብሎ ከጻፈ በ2.5 ያባዙት፤ ጨው ይሆንልዎታል። በ100 ግራም ውስጥ ከ1.5 ግራም በላይ ጨው ካለ ብዙ ነው። ከ0.3 ግራም በታች ከሆነ ጥቂት ነው። ይህ ብሪታንያ ውስጥ ለምግብ ማሸጊያዎች የሚሠራበት መለኪያ ነው፤ በቃል ለመያዝም ቀላል ነው። ሮዝ ጨው፣ የባሕር ጨው፣ ድንጋይ ጨው የሚባለው ሁሉ ለግፊት ያው ነው። ቀለሙ ነው የተለየው። ወዳጅዎ ተሸውደዋል።

ጨው ምን ያደርጋል ካሉ፣ ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል። በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግድግዳውን ይበልጥ ይገፋል። ኩላሊት ትርፉን በሽንት ማስወጣት አለበት። አንዳንድ ሰው ኩላሊቱ ይህን ቶሎ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ብዙዎቻችን ከሚዘገዩት እንሆናለን። ለዚህ ነው አንድ ገበታ ላይ እኩል በልተው የአንዱ ግፊት ሲወጣ የሌላው ዝም የሚለው።

ሰው ግፊት ሲባል መቀነስ ብቻ ነው የሚታየው። ጨው ተው፣ ሥጋ ተው፣ ይህን ተው። የሚጨመር ነገር እንዳለ የሚነግረው የለም። በ1997 አሜሪካ ውስጥ «ዳሽ» የተባለ የአመጋገብ ጥናት ውጤቱ ወጣ። 459 ሰዎች ነበሩ። ጨዋቸው አልተቀነሰም፤ ክብደታቸውም ባለበት እንዲቆይ ተደርጓል። የተለወጠው ምግቡ ነው። ፍራፍሬና አትክልት በብዛት፣ ቅባቱ የተቀነሰ ወተትና እርጎ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ባቄላና ምስር የመሳሰለው፣ ለውዝ። ቀይ ሥጋና ስኳር ደግሞ ጥቂት። ቀድሞውንም ግፊት ከነበረባቸው ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 11 ያህል ወረደ። ይህ አንድ ክኒን ከሚያወርደው ብዙም አያንስም። በ2001 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ይህንኑ አመጋገብና ጨው መቀነስን አንድ ላይ አደረገ። ውጤቱ ከሁለቱም ለየብቻ በለጠ።

እርስዎ ከዚህ ሁሉ የያዙት «ጨው ተው» የምትለውን ብቻ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ እበላለሁ ያሉት አንድ ፍሬ፣ አንድ ቅጠል የለም። ያሉት ሰው የመከረዎት ሎሚና በባዶ ሆድ ብላ የተባሉት ነጭ ሽንኩርት ብቻ ናቸው! ከሳህንዎ ግማሹን አትክልት ያድርጉት። ቋሊማውን በባቄላ ወይም በእንቁላል ይለውጡ። አይቡን በእርጎ። መክሰስ ካማረዎት ፍራፍሬ ወይም ጨው ያልነካው ለውዝ። «ከላይ በፖታሲየም ያስፈራራኝ ሰውዬ አሁን ደግሞ ፖታሲየም ያለበትን ሙዝና ቅጠል ብላ ይለኛል» እንዳይሉ። ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ከምግብ የሚገኘው ፖታሲየም ጠቃሚ ነው፤ ሶዲየምን ለማስወጣትም ያግዛል። የኩላሊት ችግር ላለበት ግን ነገሩ ይለያል። ስለዚህ ያ የደም ምርመራ ለሁለቱም ያስፈልገዎታል።

ወደ ድስቱ ልምጣ። አንዱን ድስት አውርዱት። የሚቀረው የጋራው ነው፣ እሱ ላይ ጨው ቀስ በቀስ ይቀነስ። በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። ምላስ ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ምግብ ራሱ ጨው የበዛበት ይመስላል። ጨው ሲገባ በእጅ ሳይሆን በማንኪያ ይለካ። ኩቡ ይቅር። ያን የተመከሩትን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እዚህ ያምጡት። እንደ መድኃኒት ሎሚ ግፊት ማውረዱ በደንብ አልታየም፤ ነጭ ሽንኩርትም ቢያወርድ ጥቂት ነው፣ ክኒን አይተካም። ጣዕም ለማውጣት ግን አቻ የላቸውም። ሎሚውን ምግቡ ከወረደ በኋላ ይጭመቁበት። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፣ ቅመሙ ይታመስ፣ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይነስነስ። ልጆችዎም ከዚሁ ድስት መብላታቸው ክፋት የለውም። ግፊት በቤተሰብ የመምጣት ዝንባሌ አለውና ከአሁኑ ቢለምዱት ይሻላል።

ስለ ክብደትዎ አልነገሩኝም። ትርፍ ካለ፣ አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ1 ያህል ይወርዳል። መጠጥ የሚወዱ ከሆነ ይቀንሱ፤ አልኮል ግፊት ያወጣል። ቡና ጠጪ ከሆኑ ብዙ አይጨነቁ። ግፊት ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ብቻ አይጠጡ።

ክኒኑንስ? በገዛ እጅዎ አይተዉት። 148 በ92 የሆነው ክኒኑን እየወሰዱ ነው። ቢያቆሙት የት እንደሚደርስ አይታወቅም። እንደ መጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማዎትም ይችላል፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም። ምግቡ ሲስተካከል፣ አይቡፕሮፌኑ ሲቀር ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ያኔ መጠኑን ልቀንስ ወይ ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። አንዳንድ ሰው በሐኪም ክትትል ይቀነስለታል፤ ጨርሶ የሚተውም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ክኒኑ አይለቀውም። ይህ ስንፍና አይደለም። የደም ሥሩ፣ ዕድሜው፣ ዘሩ ነው።

ለዚህ ውሳኔ ግን ትክክለኛ ቁጥር ያስፈልጋል። መለኪያ ቤትዎ ካለ በክንድ ላይ የሚታሰረው ይሁን። ሽንት ካለዎት ይሽኑ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ አይቆላለፍ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትይዩ ያሳርፉት። በልብስ ላይ አይሰሩት። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንት ያህል። ሁሉንም ይጻፉ፤ ደስ ያሰኘዎትን ብቻ መርጠው አይጻፉ። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ መዝገቡን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ።

አንድ ቀን ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ቢወጣ ተረጋግተው ትንሽ ይቆዩና ደግመው ይለኩ። ካልወረደ ያኔውኑ ለሐኪም ይደውሉ። ከቁጥሩ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ግን ደግሞ መለካት አያስፈልግም። ሎሚ በውሃ ልሞክር፣ ጥቂት ልተኛ አይበሉ። የቅርብ ሰው ይጥሩና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።