ጉንጩን እዩት

ልጆቼ፣ ሥዕልና ዲዛይን የምትሠሩ ሁሉ፣ ዕድሜዬን በኅትመት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ስለ አንድ መልክ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1657 ፈረንሳዊው ሮበር ናንተይ ወረቀት ላይ ለማተም መዳብ ላይ የቀረጸው፣ የመኳንንት ዘር የሆነው የፖምፖን ደ ቤሊየቭር ምስል ነው። አያቱ የፈረንሳይ ቻንስለር ነበሩ። እሱ ደግሞ የፓሪስ ፓርላማ ማለትም የዚያን ጊዜው ትልቁ ፍርድ ቤት የበላይ ነበር።

ማዕረጉን ለጊዜው ተዉትና ጉንጩን በማጉያ መነጽር እዩት። ከሩቅ ለስላሳ ሥጋ የመሰላችሁ ነገር አጫጭር ጭረትና ነጥብ ብቻ ነው። ግራጫ ቀለም የሚባል የለም። ጥቁሩ ቀለም አንድ ነው። ጭረቱ ሲጠጋጋ ይጠቁራል፣ ሲራራቅ ይፈካል። ብርሃን ያረፈበት ቦታ መቅረጫው ያልነካው መዳብ ነው፤ እዚያ የምታዩት ነጭ ወረቀቱ ራሱ ነው።

መቅረጫው በመዳፍ ይገፋል። መስመሩ እንዲጠማዘዝ ሲፈለግ የሚዞረው እጅ ሳይሆን ትራስ ላይ የተቀመጠው መዳብ ነው። ሁሉም ነገር ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። ይሄን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ልጅ እያለሁ የሰው ስም ሳልገለብጥ ቀርጬ፣ ሲታተም «ረ» ፊቷን አዙራ ወጣች። ፊደሉን ፍቄ፣ አለስልሼ፣ የጎደጎደውን ቦታ ከጀርባው በመዶሻ ቀስ እያልኩ መትቼ እስካስተካክለው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልነድፍ መቅረጫ አንስቼ አላውቅም። እናንተም በአንድ ቁልፍ የምትመልሱት ስህተት አያዘናጋችሁ። መጀመሪያ በእርሳስ ንደፉ።

ናንተይ የብዙ ሰው ፊት ፊት ለፊት ተቀምጦ የነደፈ ሰው ነው። ሥራ ሲበዛበት ልብሱንና ዙሪያውን ብዙ ጊዜ ለረዳቶቹ ይሰጥ ነበር፤ ፊቱን ግን ለራሱ ያስቀራል። በሥራ ስትወጠሩ ይሄን አስቡ፤ ለማንም የማትሰጡት ክፍል የቱ እንደሆነ እወቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ብረት የሚነካ እጅ ስንት ስድብ እንደተሸከመ ታውቃላችሁ፤ እኔን ዛሬም ያመኛል። በፈረንሳይ ግን በ1660 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ መዳብ መቅረጽን ከእደ ጥበብ ማኅበራት ሕግ ነጻ አውጥቶ ነጻ ጥበባት ከሚባሉት የተከበሩ ሙያዎች ተርታ አሰልፎታል። ናንተይ ያኔ በሕይወት ነበር፣ ገና ይሠራ ነበር።

እንዲህ ያለ ኅትመት እጃችሁ ከገባ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጉት። በምስሉ ዙሪያ መዳቡ ተጭኖ የተወው ጎድጎድ ያለ ጠርዝ ይታያችኋል።