ለመጀመሪያው አልትራሳውንድ ውሃ ጠጥቼ ልሂድ ወይስ ጾሜን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 24 ሲሆን የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። የመጨረሻው የወር አበባዬ የመጣው ሰኔ 12 ቀን ነበር፤ ለነሐሴ 15 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ነርሷ «ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ» ብላኛለች፤ ጎረቤቴ ግን ለአልትራሳውንድ የሚኬደው በባዶ ሆድ ነው ትላለች። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ እየጾምኩ ነው። አማቴ ደግሞ ጨረሩ ጽንሱን ይጎዳዋል ብለው ሰግተዋል። ምን ላድርግ? ያን ቀን የልጁን ጾታ ማወቅስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሰላም ይገላግልዎ። ወደ ውሃውና ወደ ጾሙ ከመግባቴ በፊት በጥያቄዎ ውስጥ ያገኘሁትን አንድ መልካም ነገር ላስቀድም። የወር አበባዎ የመጣበትን ቀን በትክክል ያውቁታል። ለዚህ ምርመራ ከሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ባለሙያው በመሣሪያው የሚያየውን ጽንስ ዕድገቱ የተስተካከለ ነው ወይም ወደ ኋላ ቀርቷል ለማለት የሚያመዛዝነው ከዚህ ቀን ጋር ነው። የሚፈለገው ደሙ መታየት የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን እንጂ ያቆመበት ቀን አይደለም። ዑደትዎ በየ28 ቀኑ የማይመጣ ወይም የሚዛባ ከሆነ፣ ወይም ከማርገዝዎ በፊት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ይወስዱ ከነበረ ይህንንም ይንገሩ።

ቀኑን ሲናገሩ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስረግጠው ይግለጹ። የአልትራሳውንድ መሣሪያው የሚቀበለው የፈረንጆቹን ቀን ሲሆን ሰኔ 12 በእነርሱ ጁን 19 ነው። ሰኔ ማለት ጁን ነው በሚል ችኮላ ጁን 12 ተብሎ ቢመዘገብ እርግዝናው ያለ ዕድሜው በ7 ቀን ይገፋል። በእኛው አቆጣጠር የመውለጃ ቀንዎን ራስዎ ማስላትም ይችላሉ። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ አንሥቶ 280 ቀን ስለሚቆጠርለት፣ ጳጉሜን በመካከል ካልገባች 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ ከገባች ግን 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። የእርስዎ እርግዝና ጳጉሜን ስለሚያልፍ፣ ጳጉሜን 5 ቀን ብትሆን መውለጃዎ መጋቢት 17 አካባቢ ይውላል ማለት ነው።

ነሐሴ 15 ቀን ልክ 9 ሳምንት ይሞላዎታል። በዚህ ዕድሜ ጽንሱ ከራሱ እስከ መቀመጫው 2.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ልኬት የእርግዝናውን ዕድሜ ከ5 እስከ 7 ቀን በማይበልጥ ልዩነት ይናገራል። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚደረግ አልትራሳውንድ ግን ዕድሜን በመገመት ረገድ እስከ 3 ሳምንት ሊስት ይችላል። ክትትል ዘግይተው የሚጀምሩ እናቶች ሲመጡ በጣም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ቀኗን የማታውቅና ቀደም ብላ ያልታየች እናት ምጥ ሲዘገይባት፣ እርግዝናው 38 ሳምንት ይሁን 41 መለየት ያቅተንና ምጥ ለማስጀመር ወይም ለመታገሥ እንቸገራለን። ስለዚህ የነሐሴውን የውጤት ወረቀት ከእርግዝና መከታተያ ካርድዎ ጋር አድርገው እስኪወልዱ ድረስ ይያዙት።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ነርሷ የነገረችዎ ትክክል ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ማኅፀን ገና በዳሌ አጥንት ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ፣ በላዩም አየር ያለበት አንጀት ስለሚተኛበት፣ መሣሪያው ምስል ለማውጣት የሚልከው፣ በአየር ውስጥ በደንብ የማያልፈው ድምፅ ጽንሱ ዘንድ ለመድረስ ይቸገራል። የሞላ የሽንት ፊኛ አንጀቱን ገለል አድርጎ ማኅፀኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ሽንቱ ራሱም ድምፁን ያለ ችግር ያሳልፋል። ከ3 እስከ 4 ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ከምርመራው 1 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት አይሂዱ። ይሁን እንጂ ብዙ መጠጣት የተሻለ ምስል አያመጣም። ከልክ በላይ የተወጠረ ፊኛ የማኅፀኑን የታችኛውን ክፍል ስለሚጫነው፣ የማኅፀን በር ከትክክለኛ ርዝመቱ በላይ ረዝሞ፣ የእንግዴ ልጁም ወደ ታች የወረደ መስሎ ሊታይ ይችላል። ወረፋው ረዝሞ ሕመም እስኪሰማዎ ድረስ ከቆዩ አያፍሩ፤ ለተረኛው ባለሙያ ይንገሩ ወይም ጥቂት ሸንተው ይመለሱ። ስምንት ወር የሞላት ነፍሰ ጡር ሽንቷን ይዛ ስትጨነቅ ማየት ልቤን ያሳዝነዋል፤ በዚያን ጊዜ ማኅፀኑ ከዳሌ በላይ ወጥቶ፣ የሽርት ውሃውም በዝቶ ስለሚገኝ የሞላ ፊኛ በአብዛኛው አያስፈልግም።

በባዶ ሆድ መሄድ የሚያስፈልገው የሐሞት ከረጢትን ለመሰለ የሆድ ዕቃ አልትራሳውንድ ነው፤ ጎረቤትዎ ምናልባት ያንን ሰምተው ይሆናል። ለጽንስ ምርመራ መራብ አያሻም። ጾሙን በተመለከተ ግን የሚያጋጥም ነገር አለ፤ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ጠዋት የሚጠጡት ውሃ ጾሙን ይገድፍብዎታል። ሁለት መንገድ አለ፤ ቀጠሮው ከ9 ሰዓት በኋላ እንዲዛወርልዎ መጠየቅ ወይም ነፍሰ ጡር መሆንዎን ለንስሐ አባትዎ ነግረው ምክራቸውን መቀበል። እንደ ሐኪምዎ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክ በሚበዛበት በዚህ ወቅት እስከ ከሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ለእርስዎ አይበጅም።

ለብሰው የሚሄዱት ከላይና ከታች የተለያየ፣ ሆድን በቀላሉ ለመግለጥ የሚያመች ልብስ ይሁን። ሆድዎ ላይ የሚቀባው ጄል ይቀዘቅዛል እንጂ ጉዳት የለውም፤ በሶፍት ይጠረጋል። ጽንሱ በሆድ በኩል ጥርት ብሎ ካልታየ በብልት በኩል የሚገባ ቀጭን መሣሪያ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሽንትዎን ጨርሰው ይሸናሉ። መሣሪያው በንጹሕ መሸፈኛ ይለበጣል፤ ማኅፀን ውስጥ አይገባም፤ ውርጃም አያመጣም። ሴት ባለሙያ እንድትሠራልዎ ወይም አብራዎት እንድትቆም መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ካልፈለጉም እምቢ ማለት ይችላሉ።

በ9 ሳምንት የጽንሱ የልብ ምት መታየት ይኖርበታል። ምናልባት ባይታይ፣ እርግዝናው ከተቆጠረው ያነሰ ዕድሜ ኖሮት ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ምርመራው ይደገማል፤ በአንድ ምርመራ ብቻ ተቻኩሎ ወደ ውሳኔ መሄድ ተገቢ አይደለም።

ለአማትዎ በአክብሮት እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ የሚጠቀመው በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ የሚርገበገብ፣ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ነው። በስኮትላንድ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ውጤታቸውን ካሳተሙ ወዲህ ባሉት ብዙ ዐሥርት ዓመታት፣ ለሕክምና ዓላማ በአግባቡ የተደረገ አልትራሳውንድ ጽንስን እንደሚጎዳ አልተረጋገጠም። ይህም ሆኖ ያለ ሕክምና ምክንያት፣ ለማስታወሻ ምስል ብቻ፣ ደጋግሞና አስረዝሞ መታየትን አልመክርም።

ጾታው በነሐሴ አይታወቅም፤ በ9 ሳምንት የወንድና የሴት ጽንስ ብልት ገና አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል፤ የእርስዎ የነሐሴው ይህንን ያሟላል። አቅምዎ ከፈቀደ ግን ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከጥቅምት 13 እስከ ኅዳር 11 ድረስ፣ ዳግመኛ ይታዩ። የጽንሱ አንጎል፣ አከርካሪ፣ ልብና ኩላሊት፣ የእንግዴ ልጁም አቀማመጥ በደንብ የሚታዩት ያኔ ነው፤ የልጁ አተኛኘት ከፈቀደ ጾታውም አብሮ ይታወቃል። አልትራሳውንድ የደም ግፊት ልኬትን፣ የደምና የሽንት ምርመራን እንደማይተካ ግን ልብ ይበሉ።

እስከ ቀጠሮዎ ቀን ባለው ጊዜ ከማኅፀን ደም ቢፈስዎ፣ በአንድ ጎን ጠንከር ያለ የሆድ ሕመም ቢሰማዎ፣ ራስዎን ቢስቱ ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ቢመጣብዎ፣ እርግዝናው ከማኅፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ነሐሴ 15ን አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።