ልጁ ገላ ላይ ምልክት አየሁ፤ ምን ላድርግ?

ደይኬር ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን እዚሁ ቨርጂኒያ አዳዲስ የልጅ ተንከባካቢዎችን አሠለጥናለሁ። በልጅ ላይ በደል ደርሷል ብሎ የጠረጠረ የልጅ ተንከባካቢ ለልጆች ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ሲፒኤስ) የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ግዴታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ቤቴ ሦስት ልጆች እጠብቃለሁ እንጂ አስተማሪ አይደለሁም። ይመለከተኛል?

አዎ። እየተከፈለው በቋሚነት ልጅ የሚጠብቅ ሁሉ ግዴታ አለበት። አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ነርስና የስፖርት አሠልጣኝም እንዲሁ። ከጠረጠራችሁበት ጊዜ ጀምሮ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ደግሞ ግዴታው የሁሉም ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ካህናትስ?

ከ2019 ጀምሮ እነሱም አሉበት። በንስሐ ምስጢር የሰሙት አይካተትም። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ልጅ እግር ላይ ያየው ሰንበር ግን ንስሐ አይደለም።

ጥያቄ፦ እርግጠኛ ሳልሆን ብናገር የሰው ስም ማጥፋት አይሆንብኝም?

ሕጉ ማስረጃ አምጡ አይላችሁም። ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል። ማጣራት የሌላ ሰው ሥራ ነው። በቅንነት አሳውቃችሁ ጥርጣሬው ልክ ሆኖ ባይገኝም ሕጉ ከክስ ይጠብቃችኋል። ለበቀል ብሎ የዋሸ ግን ይህ ከለላ የለውም።

እኔም አንድ ጊዜ አመንትቻለሁ። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ዓርብ ዕለት ጆሮው በልዞ መጣ። እናቱን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ። «እሷማ እንዲህ አታደርግም» ብዬ ዝም አልኩ። ሰኞ ሲመጣ ሌላኛው ጆሮውም በልዟል። እውነትም እናቱ አልነበረችም። አብሯቸው የሚኖር ሰው ነበር፤ እሷ ሁለት ሥራ ስትሮጥ አላየችም። ያ ልጅ ቅዳሜና እሑድን ከማን ጋር እንዳሳለፈ ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ጥያቄ፦ ልጅ ሲሮጥ ይወድቃል። የትኛው ምልክት ነው የሚያሳስበው?

ቦታውን እዩ። ሮጦ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ክርኑ ወይም ግንባሩ ነው የሚጎዳው። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጆሮው፣ አንገቱ፣ ደረቱ፣ ሆዱ፣ ጀርባው ወይም መቀመጫው ከበለዘ ግን አትለፉት። ገና ያልዳኸ ሕፃን ደግሞ የትም ቦታ ቢበልዝ ያስጠረጥራል። የቀበቶ ወይም የገመድ ቅርጽ የያዘ ሰንበርም እንዲሁ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ልክ ካልሲ እንዳጠለቀ ዙሪያውን እኩል የተቃጠለ እግርም እንዲሁ።

ታሪኩንም ስሙ። የአንድ ወር ሕፃን ገና አይገለበጥም፤ «ከአልጋ ተንከባሎ ወደቀ» ከተባላችሁ ታሪኩ አይገጥምም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሐበሻ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ጠቆር ያለ ምልክት አላቸው። ይህ ጉዳት አይደለም። የበለዘ ቦታ በቀናት ውስጥ ቀለሙን እየቀየረ ይጠፋል፤ ይህኛው እንዳለ ይቆያል። ልጁን ስትረከቡ እናቱን ጠይቃችሁ ፋይሉ ላይ ጻፉት።

ደግሞ በደል ሁሉ ምታት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መበደላቸው ከተረጋገጠ ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የተጎዱት በቸልታ ነው። የሚርበው፣ ታሞ የማይታከም፣ በጨቅላነቱ ቤት ብቻውን የሚውል ልጅ ማለት ነው። ድህነትን ግን ከቸልታ አትቀላቅሉ። ጫማው ስላረጀ ብቻ ልጁ ተበድሏል አይባልም።

ጥያቄ፦ እኛ ተቆንጥጠን ነው ያደግነው። ቁንጥጫም ይነገራል?

ወላጅ ልጁን መጠነኛ በሆነ መንገድ ቢቀጣ በቨርጂኒያ ወንጀል አይደለም። ቁንጥጫው ካበለዘ፣ ምቱ በቀበቶ ወይም በቻርጀር ገመድ ሆኖ ምልክት ከተወ ግን አሳውቁ። ልጅን በበርበሬ ማጠን ደግሞ ለእኔ ጥያቄ የለውም፤ በደል ነው። የታጠነ ሰው ያን ትንፋሽ ማጣት አይረሳውም።

ጥያቄ፦ ገበናችንን ለፈረንጅ ከማውጣት ሽማግሌ ብልክስ?

ይህ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ነው የመጣው፤ ከየት እንደሚመነጭም ይገባኛል። ሽማግሌ ባልና ሚስት ያስታርቃል። እዚህ ግን አንደኛው ወገን ልጅ ነው፤ ተቀምጦ አይከራከርም። ሽማግሌው በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚነሳው «ማን ተናገረ?» የሚለው ነው። ሽማግሌው ሲወጣ ቁጣው ልጁ ላይ ያርፋል። የወሲብ ጥቃት ከሆነማ ልጅቷን አስፈራርተው ዝም ያሰኟታል። ሽማግሌ መላክ ግዴታችሁንም አይተካም። ቤተሰቡን መርዳት ከፈለጋችሁ ካሳወቃችሁ በኋላ ጠይቋቸው፣ አግዟቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነገረችኝ።

ቃል አትግቡላት። እንዲህ በሏት፦ «እንኳን ነገርሽኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች ግን መንገር አለብኝ።» ፊታችሁ አይለዋወጥ፤ የደነገጣችሁ ከመሰላት ትዘጋለች። «ምን ሆነ?» ማለት ይበቃል። «አጎትሽ ነው እንዴ?» ብላችሁ ስም አታቀብሏት። ደጋግማ በተጠየቀች ቁጥር ቃሏ ይደበላለቃል፤ ለዚህ የሠለጠነ ጠያቂ አለ። ያለችውን በራሷ ቃል ጻፉ። በአማርኛ ከተናገረች በአማርኛ ይሁን፤ ቀንና ሰዓት ጨምሩበት። ወላጆቿ ጋ ደውላችሁ አታጣሩ።

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። አይበቃም?

ቨርጂኒያ ለተቋሙ ኃላፊ መንገርን ይፈቅዳል። ኃላፊው ወዲያው አሳውቆ፣ ማሳወቁንም መልሶ ሊነግራችሁ ይገባል። እኔ ግን ራሳችሁ ደውሉ ነው የምለው። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ደውዬ ምን እላለሁ?

የቨርጂኒያ የልጆች በደል ማሳወቂያ ስልክ 1-800-552-7096 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል። «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የልጁን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ንገሩ። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 911 ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ልጁን ይቀሟቸዋል? ወረቀት ከሌላቸውስ?

ብዙ ሰው ስልኩን አንስቶ መልሶ የሚያስቀምጠው በዚህ ፍርሃት ነው። መጀመሪያ ጥቆማው ይታያል። ቀለል ያለው «የቤተሰብ ግምገማ» ይደረግበታል፤ ሶሻል ወርከር ቤት መጥቶ ምን እንደጎደለ ያያል፣ ወላጁም በዳይ ተብሎ አይመዘገብም። የወሲብ ጥቃት ከሆነ ግን ሁልጊዜ ምርመራ ይደረጋል። ልጅ ከቤት የሚወጣው ቤቱ ለእሱ አደጋ ሲሆን ነው፤ እሱንም ዳኛ ያየዋል።

ሲፒኤስ የልጆች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ኢሚግሬሽን አይደለም። አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ልጅ በመበደል በወንጀል የተፈረደበት ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል። ያንን ያመጣው የመታው ሰው ነው፤ የደወለው አይደለም።

ጥያቄ፦ አሳውቄ ነበር፤ ምንም የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም።

አዲስ ምልክት ካያችሁ ወይም ልጁ ሌላ ነገር ከነገራችሁ እንደገና ደውሉ። የቀድሞው ጥሪ ቀን ማስታወሻችሁ ላይ ካለ እሱንም ንገሯቸው።