ከትርፍራፊ መጫወቻ የፊገር መቆሚያ ለመሥራት፦ መጀመሪያ ፕላስቲኩን ለይ

ሰላም ወንድም። ጥያቄህ ረዘም ስለሚል ላላነበቡት ላሳጥረው፦ አንድ ካርቶን የተሰባበረ መጫወቻ አለህ፤ የመኪና ጎማ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የሌጎ ቁርጥራጭ፣ የሮቦት ክንድ። ከሱ ለ15 ሴንቲ ሜትር ፊገሮችህ (ለመደርደሪያ የሚሆኑ የገጸ ባሕርይ አሻንጉሊቶች) መቆሚያ ልትሠራ ስትል ሱፐር ግሉው አልይዝ አለ፤ ተሳካ ያልከው አንዱ መቆሚያ ላይ ደግሞ ፊገሩ በግንባሩ ይደፋል።

ሙጫ አትቀያይር። ዕቃውን በመልኩ ሳይሆን በፕላስቲኩ ዓይነት ለይ። ከእያንዳንዱ ላይ የማይታይ ቦታ ፈልገህ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቁራጭ ቁረጥ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውሃ ውስጥ ከተህ በስቲኪኒ ወደ ታች ግፋው። ሳሙናው የአየር አረፋ እንዳይለጠፍበት ነው። ሳትቆርጥ ዕቃውን እንዳለ ብትነክረው ባዶ ሆዱ አየር ይዞ ያታልልሃል። ተመልሶ የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሲነኩት ሰም ሰም ይላል፣ ሱፐር ግሉው ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይላቀቅበታል፣ ቀለሙም እንዲሁ። የሰመጠው ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ነው (ሌጎ ኤቢኤስ ነው)፤ እንደ ጎማ የሚተጣጠፈው ደግሞ ለስላሳ ፒቪሲ።

የሚንሳፈፈውን ግን አትጣለው። ከሥር በስተህ በቪቴና በሮንዴላ ወይም በሽቦ እሰረው፤ በርሜል፣ ቱቦ፣ የፍርስራሽ ክምር ይሆናል። የሰመጠውን ጠንካራ ፕላስቲክ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገህ አጣብቀው። የመኪና መስታወት ዓይነት ግልጽ ክፍል ላይ ግን ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ እንፋሎቱ ነጭ ጉም ይጥልበታል። እሱን በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቅ።

አሁን ወደ መውደቁ። ፊገር የሚደፋው የክብደቱ መሃል ከእግሩ ዐልፎ ሲወጣ ነው፤ ክንፍ፣ ትልቅ መሣሪያ ወይም ወደ ፊት የተዘረጋ እጅ ካለው ደግሞ በቶሎ ይወጣል። ለቆመ ፊገር 8 በ8 ሴንቲ ሜትር መሠረት ይበቃዋል። የሌጎ ጉጦች (ከላዩ ያሉት ክብ እብጠቶች) ከመሃል እስከ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ ይህ 10 በ10 ጉጥ መሆኑ ነው። ከሥሩ ሦስት አራት ዳዶ በኢፖክሲ (ሁለቱ ክፍል ተደባልቆ የሚደርቅ ሙጫ) ለጥፍ፤ ክብደቱን መሃል ላይ ሳይሆን ፊገሩ በሚያዘነብልበት ጎን አድርገው።

ዋናው ነገር የእግር ችንካሩ ነው፤ መሠረቱ ላይ ተተክሎ በፊገሩ ጫማ ሥር ባለው ቀዳዳ የሚገባው አጭር ዘንግ ማለቴ ነው። የጫማው ቀዳዳ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ መለኪያ ከሌለህ የፑንታዎችን ለስላሳ ጀርባ አንድ በአንድ ሞክር። በእጅ ግፊት ብቻ ከሚገቡት ውስጥ ወፍራሙ ልክህን ይነግርሃል። የጉንፕላ (ተገጣጣሚ የጋንዳም ሮቦት ሞዴል) መቆሚያዎች 3 ሚሊ ሜትር፣ ትራንስፎርመር የሚባሉት ሮቦት መጫወቻዎች የሚይዟቸው መሣሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው 5 ሚሊ ሜትር ችንካር አላቸው፤ ካርቶንህ ውስጥ ካሉ ቆርጠህ ተጠቀምባቸው። የሌጎ ዘንግ ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በግድ ከከተትከው ጫማውን ይሰነጥቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለህ እያዞርክ አሳሳው፤ ሳይጨነቅ ገብቶ ሲገለበጥ የማይወድቅ ከሆነ በቃው። ከመሠረቱ በላይ የሚወጣው ርዝመት ከቀዳዳው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ እኩል ከሆነ ተረከዙ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ፊገሩም ይወዛወዛል። አንድ እግር ብቻ ቸንክር። ሁለቱንም ካደረግህ የርቀት ስህተቱን ቁርጭምጭሚቱ ይሸከመዋል፣ ቀስ በቀስም ይላላል።

ለሚበር ፊገር የሮቦቱ ክንድ ጥሩ ነው። ክንዱ የትም ይነሣ የት፣ የፊገሩ ወገብ በቀጥታ ከመሠረቱ መሃል በላይ ይዋል፤ መሠረቱንም ወደ 12 ሴንቲ ሜትር አስፋው። መገጣጠሚያው ከላላ ኳሱን ፈትተህ ስስ የእንጨት ኮላ ቀባውና ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ መልሰህ ግጠመው። እርጥብ እያለ ከገጠምከው ደርቆ አልላወስ ይልሃል።

ለመልክ፣ ካርቶንህ ውስጥ ያለው ምርጥ ዕቃ የባቡር ሐዲዱ ነው። ገልብጠው፤ ብዙዎቹ ከሥር በኩል የጎድን አጥንት የመሰለ ድርድር አላቸውና አቁመህ ብትደረድራቸው የፋብሪካ ግድግዳ ይመስላሉ። ጎማው ጠርዙ ብቻ እንዲታይ ግማሹን ግድግዳ ውስጥ ቅበረው፣ ቱቦ አፍ ይሆናል። ግን ሁሉንም በአንድ ቀለም ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት ቀለም) ሸፍን፤ ቀይና ቢጫው እየታየ መጫወቻነቱ አይደበቅም። ከመቀባትህ በፊት በሳሙና እጠበው። ለስላሳ ፒቪሲ ላይ አንዳንድ ስፕሬይ ቀለም ለወራት እየተጣበቀ ስለሚቀር መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክር።

ሌላው የሚረሳው፦ የፊገሩ ጫማ ለስላሳ ፒቪሲ ከሆነ ማለስለሻው እየወጣ ፖሊስታይሪንን ያቀልጣል፣ ቀለምንም ያጣብቃል። ለረጅም ጊዜ በሚቆምበት ቦታ ከጫማው ሥር በእግሩ ልክ የተቆረጠ ስስ የፖሊኢትሊን ላስቲክ አድርግ። መቆሚያውንም ሙጫው ሳይደርቅ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጋበት፤ ያ ነጭ ጉም ፊገሩም ላይ ያርፋል። ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍት ቦታ ይቆይ።