ለሞዴል መርከብ ገመድና ፑሊ፦ ማስመጣት ወይስ ራስ መሥራት?

አንድ ጠያቂ ወንድማችን፣ ዘመድ ያመጣላቸውን የ«ቪክቶሪ» (የድሮ የእንግሊዝ የጦር መርከብ) የእንጨት ሞዴል፣ ልኩ 1 ለ 98 የሆነውን፣ አካሉን ጨርሰው ምሰሶዎቹን ተክለዋል። ሣጥኑ ውስጥ የመጣው ክር ግን ጸጉራም ነው፤ ገመድ የሚያልፍባቸው ትናንሽ የእንጨት ፑሊዎችም ማዕዘናቸው የሾለ ነው ይላሉ። ከውጭ የተሻለ ያስመጡ ወይስ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይተኩት? ሸራስ ይስቀሉበት?

ናይለኑን ይርሱት። ያብለጨልጫል፣ ቋጠሮ አይይዝም፣ እየዋለ እያደረም ይለጠጣል። ማስመጣቱንም አልመክርም፤ ገመዱን ራስዎ ቢገምዱ ይሻላል። ይህች መርከብ በ1765 ባሕር ላይ የወረደች፣ በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት የእንግሊዙ አድሚራል የኔልሰን ዋና መርከብ የነበረች ናት። በላይዋ የተዘረጋው ገመድ ወደ 42 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። ይህ ሁሉ ገመድ ደግሞ አንድ ውፍረት አልነበረውም። ሞዴሎችን አሻንጉሊት የሚያስመስላቸው ገመዱ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው እንጂ የመድፎቹ ቁጥር መጉደል አይደለም።

ስለ ውፍረት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በድሮው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሰነድ የገመድ መጠን የሚጻፈው በዙሪያው ነው፣ በወርዱ አይደለም። «11 ኢንች» የሚል ካገኙ ለ3.14 ያካፍሉት፤ 3.5 ኢንች ወይም ወደ 89 ሚሊ ሜትር ወርድ ይመጣል፤ በእርስዎ ልክ 0.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሳያካፍሉ ከሄዱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ገመድ ምሰሶው ላይ ያስራሉ። በኢንተርኔት የማያቸው ብዙ ሞዴሎች እንዲህ ሆነው የቀሩ ናቸው፤ ባለቤቶቹ ግን ደስተኞች ናቸውና ምን አገባኝ።

ለመግመድ የፖሊስተር የስፌት ክር ይግዙ፤ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ ደብዛዛውን ይምረጡ። ጥጥ ያምራል፤ ነገር ግን እርጥበት ሲያገኝ ይሳባል፣ ሲደርቅ ይላላል። በሐምሌ በልኩ የወጠሩት በታኅሣሥ ተንጠልጥሎ ያገኙታል። መሣሪያው ቀላል ነው፦ በአንድ ወገን አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ሦስት መንጠቆዎች፣ በሌላው ወገን በነፃነት የሚሽከረከር አንድ መንጠቆ ከነክብደቱ፣ በመካከል ሦስት ቦይ ያለው ሾጣጣ እንጨት። ሦስቱ ክሮች ሲከሩ ነፃው መንጠቆ ራሱ ዞሮ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገምዳቸዋል፤ ሾጣጣው እንጨት ወደኋላ እየተገፋ ግምዱን እኩል ያደርገዋል። ከመጀመርዎ በፊት ክሩን በጣትዎ አዙረው ይሞክሩት። ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ያክርሩት፤ ወደሚፈታበት ካዞሩት ገመዱ ጸጉር ያወጣል። በእውነተኛው መርከብ የአብዛኛው ገመድ ግምድ ወደ ቀኝ ነበር፤ የስፌት ክር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ግራ የተገመደ ገመድ ነው የሚሰጠው። በዚህ ልክ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚፈልግ እንግዳ ካልመጣብዎ በቀር አያስጨንቅዎትም። ገመዱ ሲከር ስለሚያጥር ክሩን አስረዝመው ይጀምሩ።

ምሰሶውን የሚይዙት ገመዶች ቅጥራን የተቀቡ ስለነበሩ ጥቁር ቡናማ ይሁኑ፤ ሸራ የሚጎትቱት ደግሞ የገለባ ቀለም። ድፍን ጥቁር አይጠቀሙ። ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙትን የጎን ገመዶች ከቀኝ አንድ ጥንድ፣ ከግራ አንድ ጥንድ እያፈራረቁ ይሰሩ፤ አንዱን ወገን አስቀድመው ከጨረሱ ምሰሶው ይጎብጣል። በእነሱ ላይ የሚታሰረው የመወጣጫ ገመድ በእርስዎ ልክ 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከተራ የስፌት ክር ይቀጥናል፤ ስለዚህ ያገኙትን ቀጭን ክር ሳይገምዱ ይጠቀሙ። በመወጣጫዎቹ መካከል ያለው ርቀት 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። መስመር የተሰመረበት ወረቀት ከኋላ ያስቀምጡና እሱን እያዩ ይሰሩ። ቋጠሮውን በውኃ በቀጠነ ኮላ ይንኩት፤ ሱፐር ግሉ ክሩን ያደርቀውና ይሰብረዋል። እሱ የሚያገለግለው የገመዱን ጫፍ አድርቆ እንደ መርፌ በፑሊው ቀዳዳ ለማስገባት ብቻ ነው።

ፑሊዎቹን አይጣሉ። የቆርቆሮ ጣሳ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ለብጠው ፑሊዎቹን ይጨምሩና ይነቅንቁት፤ ማዕዘናቸው ይሞታል። የጎደለውን ከወይራ ቁራጭ ይሥሩ፤ ጠጣርና ደቃቅ ስለሆነ በ3 ሚሊ ሜትር ላይ እንኳ ቀዳዳ ይችላል። ዋንዛ ለሣጥን እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ይፈረፈራል። ማሠሪያ ሽቦ ከቤት ኤሌክትሪክ ገመድ ያወጡት መዳብ ይበቃል። የሞተር ጥቅል ሽቦ ቫርኒሽ ስላለው አስቀድመው ይፋቁት። ለማጥቆር የተቀቀለ እንቁላል ፈጭተው ከሽቦው ጋር በተዘጋ ማሰሮ ያኑሩ፤ ከእንቁላሉ በሚወጣው ጋዝ ይጠቁራል። ሽታው ግን ለቤት ሰው አይመችም።

ሸራ የሚታሰርባቸው አግድም እንጨቶች ላይ የሚንጠለጠሉትን ፑሊዎች ግን እንጨቶቹ ምሰሶው ላይ ሳይወጡ፣ ጠረጴዛ ላይ እያሉ ይሰሯቸው። በኋላ ወረንጦም ጣትም የማይደርስበት ቦታ ይሆናል። መልሕቁና መድፎቹ ሣጥኑ ውስጥ የመጡት ይበቃሉ፤ ቀለም ብቻ ይቀቧቸው።

ሸራውን በተመለከተ እኔ ባይሰቅሉ እመርጣለሁ። በዚህ ልክ ላይ ማንኛውም ጨርቅ ይወፍራል፤ የገመዱንም ሥራ ይሸፍንብዎታል። የግድ ካሉ ከአግድም እንጨቱ ጋር የተጠቀለለ አድርጉት፤ የጨርቁንም ቁመት (ከላይ ወደ ታች ያለውን) ሲቆርጡ ከትክክለኛው በግማሽ ይቀንሱት፤ አለዚያ ጥቅሉ ትራስ ያክላል።