በየጠዋቱ እንደ አዲስ የሚጫነው አፕዴት

ጥያቄው የደረሰኝ እዚሁ ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት ካላት እህት ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ላሳጥረው። «ጋሼ፣ ከአምስት ወር በፊት ሥራ ካቆመ ኢንተርኔት ቤት ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ዊንዶውስ 10 ነው። ጠዋት ስከፍተው አፕዴት ማውረድ ይጀምራል፣ ይጭናል፣ ሪስታርት አድርጊኝ ይላል። አደርጋለሁ። ሲነሳ ያንኑ አፕዴት እንደገና ያወርዳል! የወር ፓኬጄን በሳምንት ይጨርስብኛል። አንድ ልጅ መጥቶ የአፕዴቱን ሰርቪስ፣ ያን ከጀርባ ሆኖ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ዘጋልኝ፣ በነጋታው ራሱ ተከፍቶ አገኘሁት። ሌላው ፎርማት ይደረግ አለኝ፣ ሥራዬ ሁሉ ዲ ድራይቭ ላይ ስለሆነ ፈራሁ። ቫይረስ ይሆን? ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ የማስቀምጠው የሰው ሲቪ ይጠፋል፣ እሱን እንኳን የሚያግዘኝ ልጅ እያጠፋው መሰለኝ።»

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሐሳቤ ሁሉ አፕዴቱ ላይ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። የተዘጋ ሰርቪስ ራሱ ተከፈተ። ዴስክቶፕ ላይ የነበረ ሲቪ ጠፋ። አፕዴቱ ተጭኖ እንዳልተጫነ ሆነ። ዲ ላይ ያለው ሥራሽ ግን አንድም ቀን አልተነካም። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህ ሦስት ችግሮች አይደሉም፣ አንድ ናቸው። የሚያግዝሽን ልጅም ለጊዜው አትቆጪው።

ምንም ከመንካትሽ በፊት አንድ ቦታ ግቢና ተመልከቺ። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ቪው አፕዴት ሂስትሪ»። እዚያ የተጫኑት አፕዴቶች ከነቀናቸው ተደርድረው ይታያሉ። ብዙ ሰው፣ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ጭምር፣ ይቺን ገጽ ሳያይ ነው ፎርማት የሚለው። በሽተኛውን ሳያዩ መርፌ እንደ መውጋት ነው።

ዝርዝሩ ላይ ያው አፕዴት በተለያየ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ «ተጭኗል» ተብሎ ከተጻፈ አንድ ነገር ነው። «ፌይልድ» የሚል ወይም ከጎኑ የስህተት ቁጥር ካለ ሌላ ነው። ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ከአምስት ወር በፊት የሆነ ቀን ላይ ቆሞ ከዚያ ወዲህ ምንም ከሌለው ግን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። በየቀኑ እየጫነ ምንም አልጫንኩም የሚል ማሽን ማለት ማታ የሠራውን ጠዋት የሚረሳ ማሽን ማለት ነው። ያንቺ ይሄኛው ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሪ፣ ስሙን «ሙከራ» በይው። ሌላ አንድ ዲ ላይ ፍጠሪ። የዴስክቶፑን ጀርባ ስዕልም ለውጪው። ከዚያ ሪስታርት። ሲነሳ የዲው ፎልደር ኖሮ የዴስክቶፑ ከሌለ፣ ስዕሉም ወደ ድሮው ከተመለሰ፣ አለቀ፣ ማሽንሽ «ፍሪዝ» ተደርጓል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኢንተርኔት ቤቶች፣ የትምህርት ቤት ላቦች፣ ብዙ ሰው የሚነካካው ማሽን ያላቸው ሁሉ ይወዱታል። ሲ ድራይቭን፣ ዊንዶውሱና ዴስክቶፑ ያሉበትን የዲስክ ክፍል፣ አንድ ቀን ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ሲ ላይ የምታደርጊው ሁሉ፣ ፋይል ብታስቀምጪ፣ ፕሮግራም ብትጭኚ፣ ቫይረስም ቢገባ፣ ሪስታርት እስክታደርጊ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ስትከፍቺው እንደገና ያው ቀን ነው። ዲን ብዙ ጊዜ ሳያቀዘቅዙ ይተዉታል፣ ሥራ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚያስፈልግ። ስለዚህ ዊንዶውሱ በየጠዋቱ ይነቃል፣ ኋላ እንደቀረ ያያል፣ አፕዴቱን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ከፍሎ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ሪስታርት ይጠይቃል፣ ሪስታርቱ ደግሞ ሁሉንም ይደመስሰዋል። አፕዴቱ ጥፋት የለበትም። ፍሪዙም የታዘዘውን ነው የሠራው። የሸጠልሽ ሰው መንገሩን ረሳ፣ በቃ።

አትፈሪ፣ በዚህ የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ላቡ ውስጥ ያሉት ማሽኖች አፕዴት አልይዝ አሉኝ ብሎ ጠራኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። የአፕዴት ፎልደሩን አጸዳሁ፣ ሰርቪሱን አቆምኩ አስነሳሁ፣ የሲስተም ፋይል ፈተሽኩ። ማታ የተስተካከለው ጠዋት እንደነበረ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ድቡን አላዩትም እንዴ?» አለኝ። ቀና ብዬ ሰዓቱ አጠገብ አየሁ። ነጭ ድብ ተቀምጧል። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ የነበረው እሱን ነበር።

አንቺም ድቡን ፈልጊው። ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ ነው፣ ካልታየሽ ወደ ላይ የምታመለክተውን ትንሿን ቀስት ተጫኚ። ካገኘሽው ሺፍትን ይዘሽ ድቡን ሁለቴ ክሊክ አድርጊው። አንዳንዱ ሰው ድቡ እንዳይታይ ይደብቀዋል፣ ያኔ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍት እና ኤፍ 6ን አንድ ላይ ተጫኛቸው። ፓስወርድ የሚጠይቅ ሳጥን ከመጣ ነገሩ ተረጋገጠ። ምንም ካልመጣ፣ ፎልደሩ ግን እየጠፋ ከሆነ፣ ስሙ ሌላ የሆነ ተመሳሳይ ፕሮግራም ነው፣ የተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ፈልጊው።

አሁን ዋናው ፓስወርዱ ነው። ለሸጠልሽ ሰው ደውዪ። ስልኩን ካጣሽው በደላላው በኩል አስፈልጊው፣ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያጣሽውን እዚሁ መርካቶ ታገኚዋለሽ። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ቤቶች ለሁሉም ማሽን አንድ ፓስወርድ ነበር የሚጠቀሙት፣ እስካሁን አይረሱትም። ፓስወርዱ ከተገኘ ሳጥኑ ውስጥ «ቡት ታውድ» የሚለውን ምረጪና ሪስታርት አድርጊ። ሲነሳ ድቡ ላይ ቀይ ኤክስ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀልጧል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አፕዴቱ የመጨረሻ ጊዜ ያውርድ፣ ይጫን። ሪስታርት ሲል አድርጊለት፣ ምናልባት ሁለት ሦስቴ ይጠይቅሻል።

ፓስወርድ መስበሪያ ነው እያሉ ኢንተርኔት ላይ የሚያድሉትን ግን አደራ አታውርጂ። የሰው መታወቂያና ዲግሪ የሚገባበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጫንም። ፓስወርዱ ጨርሶ ካልተገኘ ሁለተኛው ሰው ያለሽ ፎርማት ትክክል ይሆናል፣ ግን ሲ ብቻ። እዚህ ላይ ቀስ በይ። ከመጀመርሽ በፊት ዲ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ፣ ከተገለበጠው ሁለት ሦስት ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ከፍተሽ እዪ። ከዚያ የሲንና የዲን መጠን ወረቀት ላይ ጻፊ። ለምን መሰለሽ፣ ዊንዶውስን ከፍላሽ ስትጭኚ «ሲ» እና «ዲ» የሚል አይመጣም፤ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 1፣ 2፣ 3» እያለ ነው የሚደረድረው፣ ፓርቲሽን ማለት የዲስኩ ክፍል ነው። የምትለዪው በዋናነት በመጠኑ ነው። በዚህ ጊዜ ተሳስቶ የሰው የስድስት ዓመት ሥራ ያጠፋ ባለሙያ አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም፣ ጓደኛዬ ነው።

ከቀለጠ በኋላ መልሼ ላቀዝቅዘው ወይ ብትዪኝ፣ እንደ ማሽኑ ነው። ደንበኛ ፍላሹን ራሱ የሚሰካበት ከሆነ አዎ፣ አቀዝቅዢው። የተማሪ ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ፎልደሮቹን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ብቻ በቀን ስንቴ ይመጣል! በወር አንዴ አቅልጠሽ አፕዴት አስጨርሰሽ ትመልሺዋለሽ። አንቺ ብቻ የምትሠሪበት ከሆነ ግን ፍሪዙን አራግፊው፣ ትርፉ ድካም ነው። ለማራገፍም መጀመሪያ መቅለጥ አለበት።

አፕዴትን ጨርሶ መዝጋት ለሚመክሩሽ አትስሚ። አንደኛ፣ ባይቀዘቅዝም ዊንዶውስ የተዘጋ የአፕዴት ሰርቪስን ራሱ መልሶ የማስነሳት ልማድ አለው። ሁለተኛ፣ የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚውጥ ማሽን ያለ አፕዴት መተው በር ከፍቶ መተኛት ነው። የሚያሳስብሽ ዳታው ከሆነ የዋይፋዩን ስም ከፍተሽ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሪው፣ ትልልቆቹን ሳይጠይቅሽ አያወርድም።

አሁን ልሳሳት እችላለሁ። «ሙከራ» የሚለው ፎልደር ሪስታርት ተደርጎም ቁጭ ብሎ ከጠበቀሽ ፍሪዝ የለም ማለት ነው፣ ወደ ሂስትሪው ገጽ እንመለስ።

«ፌይልድ» እያለ ከሆነ መጀመሪያ መብራትን ጠርጥሪ። ክረምት ላይ ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፣ አፕዴቱ 60 ፐርሰንት ላይ ነበር፣ ተቋርጦ ሲነሳ የጀመረውን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ በነጋታው ሀ ብሎ ይጀምራል። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ፣ ከሌለሽ አፕዴቱን ጠዋት አስጨርሺ፣ ወይም የጎረቤት ዩፒኤስ ለአንድ ሰዓት ተዋሺ። የምታጠፊበት መንገድም አለበት። ዊንዶውስ 10 ላይ «ሻት ዳውን» ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ ቶሎ እንዲነሳ ግማሹን ያስተኛዋል። አፕዴት የሚጠናቀቀው ግን «ሪስታርት» ሲባል ነው። ማታ ሻት ዳውን ብቻ የሚባል ማሽን አፕዴቱን ለሳምንታት ሲያንከባልል አይቻለሁ።

የስህተት ቁጥሩ በ80070643 የሚያልቅ፣ የአፕዴቱ መለያ ቁጥርም ኬቢ 5034441 ከሆነ ደግሞ ያለ ጥፋትሽ ነው። ይሄ በፈረንጆቹ ጥር 2024 የወጣ ነው፣ ሪከቨሪ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ መጠገኛው በሚቀመጥበት ትንሽ ፓርቲሽን ላይ 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የብዙ ሰው ማሽን ያን ያህል የለውም፣ ስለዚህ ይሞክራል ይወድቃል፣ ይሞክራል ይወድቃል። ፓርቲሽኑን ማስፋት የሚችል ሰው ጥሪ፣ ራስሽ አትነካኪው።

ያው አፕዴት ብዙ ጊዜ «ተጭኗል» የሚል ከሆነ ቁጥሩን እዪ። ኬቢ 2267602 ከሆነ ተይው፣ ጤነኛ ነው። የዲፌንደር፣ የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ፣ የቫይረስ ዝርዝር ነው፣ ቁጥሩ ሳይቀየር በቀን ብዙ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። የፕሪንተር ድራይቨር፣ ማሽኑን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከሆነ ከሲዲ የጫንሽውና ዊንዶውስ የሚፈልገው እየተጣሉ ነው፣ ማይክሮሶፍት ያወጣት አፕዴት መደበቂያ ትንሽ መሣሪያ አለች፣ በሷ ያንን አንዱን ብቻ ደብቂው። ሌላ ከሆነ የወረዱት ፋይሎች ተበላሽተዋል። «ሰርቪስስ» ከፍተሽ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን አቁሚ፣ ሲ ውስጥ ዊንዶውስ ፎልደር ግቢና «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን» የሚለውን ስሙን ለውጪው፣ አሮጌ በይው። አታጥፊው። ፎልደሩ ተይዟል ብሎ እምቢ ካለሽ «ባክግራውንድ ኢንተለጀንት» ብሎ የሚጀምረውንም ሰርቪስ አቁሚና ድገሚው። ከዚያ ሪስታርት። ዊንዶውስ ራሱ አዲስ ይፈጥራል። ሂስትሪው ባዶ ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ፣ አብሮ ስለሄደ ነው።

አንድ የቀረኝ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 ማለት ነው። ስለዚህ ከቀለጠ በኋላ የቀረውን ይጨርስና እንደ ድሮው በየወሩ አይመጣም። ዊንዶውስ 11 እንድትጭኚ የሚገፋፋሽ ይኖራል። ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቂ፣ ከ8ኛ በታች ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ማይክሮሶፍት አይቀበለውም። ከኢንተርኔት ቤት የወጣ ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው።

ለማንኛውም ዛሬ ፎልደሩን ፍጠሪና ሪስታርት አድርጊ። ከጠፋ ለሸጠልሽ ሰው ከመደወልሽ በፊት የሚያግዝሽን ልጅ ጥሪና ፎልደሩ እንደጠፋ አሳዪው፣ ሲቪዎቹንም የበላው ድቡ ነው።