የቤንዚን ዋጋ የገበያ ነው ወይስ የፖለቲካ?

ጥያቄ፦ በሚኒባስ ታክሲ ሹፌርነት የምተዳደር ሰው ነኝ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወረደ ሲባል በዜና እሰማለሁ፤ ማደያ ስደርስ ግን የሚጠብቀኝ ጭማሪ ነው። ባልደረቦቼ «ነገሩ ፖለቲካ ነው» ይላሉ። በእርግጥ ፖለቲካ በቤንዚን ዋጋ ላይ እጁ አለበት? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለበት፤ ያውም በስውር ሳይሆን በአደባባይ። በአገራችን የቤንዚንንና የናፍጣን የችርቻሮ ዋጋ የሚተምነው ማደያው አይደለም። ዋጋውን ወስኖ የሚያስታውቀው መንግሥት ሲሆን፣ ማደያውና ነዳጅ አከፋፋዩ ከሊትር የሚያተርፉት ሳንቲም ጭምር ከላይ ተቆርጦ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ቀጂውን መቆጣት ትርፉ ድካም ነው።

የዓለም ዋጋ ሲወርድ የእኛ የሚጨምረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስሌቱን እንመልከት። አንድ ሊትር ቤንዚን ጅቡቲ ሲደርስ 70 ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ያወጣል እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ ወደ 40 ብር ይጠጋል። ዋጋው ወደ 60 ሳንቲም ቢወርድ፣ ምንዛሪው ግን 120 ብር ቢደርስ፣ ያው ሊትር 72 ብር ይሆናል፤ የመጓጓዣውና ሌላው ወጪ ገና አልተደመረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የሆነው በጥቅሉ ይኸው ነው። በሰኔ 2014 መጨረሻ ድፍድፍ ዘይት በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር 47.83 ብር ነበር፤ በመስከረም 2017 መጨረሻ ድፍድፉ ወደ 80 ዶላር ግድም ወርዶ ሳለ ቤንዚኑ 91.14 ብር ገባ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ 101.47 ብር ደረሰ።

ምንዛሪውን ለገበያ መልቀቅ የፖለቲካ ውሳኔ ነበር፤ ድጎማውን ማንሣትም እንዲሁ። መንግሥት ከገዛበት በታች ሲሸጥ ልዩነቱ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ በኋላ የዓለም ዋጋ ሲቀንስ ቅናሹን ለተጠቃሚው ከማሳለፍ ይልቅ የቆየውን ዕዳ ማቃለያ ሊያደርገው ይችላል። ከሰኔ 2014 መጨረሻ ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር በኩል የታለመ ድጎማ እንዲያገኙ በመደረጉ፣ ከአንድ መቅጃ የወጣ ቤንዚን ለሚኒባሱና ለቤት መኪናው ዋጋው ይለያይ ነበር። እንዲህ ያለውን ልዩነት ገበያ ብቻውን አይፈጥረውም።

ይሁንና ሁሉም ነገር እዚህ አይወሰንም። ዘይት አምራች አገሮች ምርት ሲቀንሱ፣ ወይም በየካቲት 2014 በዩክሬን እንደታየው ጦርነት ሲነሣ፣ እኛ ከመክፈል በቀር ምርጫ የለንም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ለዚህ ደግሞ የእርስዎ የሙያ አባቶች ምስክር ናቸው። በጥቅምት 1966 የዓረብ አገሮች በጣሉት የዘይት ማዕቀብ ምክንያት ቤንዚን ሲወደድ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት ሥራ አቆሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን ቢቀንስም፣ ሌሎች ብሶቶችም ተደራርበው ስለነበር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወሩ ሳያልቅ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት የነዳጅ ጭማሪን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍለው ማሳወቅን የሚመርጡት ይህን ሳይዘነጉ ይመስለኛል።